ጅብ የሠራው ፎቅ

አንድ ጊዜ፣ በወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። በየክረምቱ ጎርፍ ቤቷ ይገባባታል፤ ባለፈው ክረምትማ ውርንጭላዋን ሊወስድባት ምንም አልቀረውም ነበር። «ዘንድሮስ ልጄን ፎቅ ላይ ነው የማስተኛው!» ብላ ቆረጠች። ግንዱን፣ ጣውላውንና ለማሰሪያ የሚሆነውን የበሬ ቆዳ ጠፍር በጀርባዋ ተሸክማ አመጣች። ክረምቱ ግን ደጅ ደርሶ አናጢ ጠፋ። የተገኘው ጅብ ብቻ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ፎቅ መሥራት ትችላለህ?»

«እኔ? የአንበሳን እልፍኝ የሠራው ማን ሆነና!» አለ ጅብ፣ ዓይኑን ከጠፍሩ ላይ ሳይነቅል።

አህያ የዋህ ናትና አመነችው። ለድካሙ አንድ ትልቅ አጥንት ልትሰጠው ተስማሙ።

በሦስተኛው ቀን ጅብ «አልቋል፣ ግቡ!» አለ። ፎቁ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። አህያ ጎረቤቷን ቀበሮን ይዛ ልታሳያት መጣች። ውርንጭላው ግን ማንንም አልጠበቀም፤ እየቦረቀ ወደ ደረጃው ሮጠ። አንደኛውን ወጣ፣ ሁለተኛውን ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ ተደናቅፎ በአፍንጫው ተደፋ። አህያ ክው ብላ ጅራቱን በጥርሷ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው።

ቀበሮ ጠጋ ብላ ደረጃውን ለካች።

«አያ ጅቦ፣ ይሄኛው ጉልበቴ ድረስ፣ ያኛው ሆዴ ድረስ ነው። እግር እኮ የመጀመሪያውን ደረጃ ለክቶ፣ የቀረውን አምኖ ነው የሚወጣው።»

«ሆን ብዬ ነው! አንዱ ሲያደክማችሁ አንዱ ያሳርፋችኋል።»

«ወለሉን የተሸከሙት ግንዶችስ ከምሰሶው ጋር በደንብ ታስረዋል?»

«እንዴታ!»

«ታዲያ ጠፍሩ የታለ? እኔ የማየው ጭቃ ብቻ ነው።»

«አለ፣ ከጭቃው ሥር ነው» አለ ጅብ፣ ከንፈሩን እየላሰ።

አህያ ፍርሃት ፍርሃት አላት። ለጅብ ቆዳ አደራ መስጠቷ ገና አሁን ታያት። ክፉ ቃል ግን አልወጣትም፤ አጥንቱን በአፏ አንስታ ወደ ፎቁ ወረወረችው።

«በል እንግዲህ፣ ዋጋህን እዚያው ላይ ሆነህ ብላ። እኛ ከአንተ በኋላ እንገባለን።»

ጅብ ደረጃው መሀል ሲደርስ ጠፍሩን ማን እንደበላው ትዝ አለውና ቆም አለ። የአጥንቱ ሽታ ግን አላስቆመውም፤ ዘሎ ወጣ። ወለሉ ቋ! አለና ግንዱም፣ ጣውላውም፣ ጅቡም ተያይዘው ታች ወረዱ።

ጅብ አጥንቱን እንደነከሰ ከፍርስራሹ ሥር ወጣ። «ምን ላድርግ፣ ቆዳው እርጥብ ነበር፤ አስጎመጀኝ!» ብሎ እያነከሰ ወደ ጫካው ገባ።

አህያ ልጇን እየላሰች «ተመስገን! አንተ ብትሆን ኖሮስ!» አለች፤ እንባዋም ወረደ። ከዚያ ሁለቱ ጎረቤታሞች ፎቁን እንደገና ሠሩት። ቀበሮ ደረጃዎቹን ሁሉ በአንድ እንጨት እየለካች እኩል አደረገቻቸው። አህያ ደግሞ ግንዱን ከምሰሶው ጋር ጅብ በማይበላው ልጥ ራሷ ጥፍር አድርጋ አሰረችው፤ ከዚያም ብቻዋን ወጥታ ወለሉን በአራት እግሯ ደጋግማ ረገጠችው። ንቅንቅም አላለ። ልጇን የጠራችው ያኔ ነው።

ጎርፉ እንደ ልማዱ መጣ፤ በታች በኩል እያጉረመረመ አለፈ። ውርንጭላው ፎቁ ላይ ሆኖ ያንኮራፋል። አህያም «እፎይ!» ብላ፣ ከስንት ክረምት በኋላ ያለ ስጋት አጠገቡ ጋደም አለች።

ከዚህ የምንማረው ልጃችንን የምናቆምበት ወለል፣ ሠሪው በአፉ ያሞገሰው ሳይሆን፣ ራሱ ቀድሞ የቆመበት መሆን እንዳለበት ነው።