የምንጩ ጠባቂ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን!» በሉኝና ስሙ።

ዝሆን ብቻውን የያዘው አንድ ምንጭ ነበር። ጎሽና ከርከሮ የሚጠጡት እሱ ጠጥቶ ሲሄድ የተረፈውን ድፍርስ ውሃ ነበር። ጎሽ ግን ከዓመት ዓመት እየፈረጠመ፣ ቀንዱም እየወፈረ ሄደ።

«አንተም ነገ እንደ ዝሆን ትሆንብን ይሆን?» አለችው ከርከሮ አንድ ቀን።

ጎሽ በጣም አዘነ። «ጥሙን አብሬሽ የቀመስኩት እኔ? እንዴት እንዲህ ታስቢያለሽ?» አላት። ከልቡም ነበር።

ዝሆን ባረጀ ጊዜ ጎሽ ታግሎ አባረረው። የመጀመሪያውን በጋ ከከርከሮ ጋር ጎን ለጎን ጠጡ። ከዚያ ጎሽ፣ «ዝሆን ተመልሶ እንዳይመጣ» ብሎ ምንጩ አፍ ላይ መተኛት ጀመረ። ቆይቶም፣ ውሃው እንዳይደፈርስብኝ ብሎ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠጣ ጀመር።

ከርከሮ ልጆቿን ይዛ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። አሸዋውን በአፍንጫዋ ስትቆፍር ሰንብታ ጥቂት ውሃ አገኘች። ጎሽ ይህን ሰምቶ መጣ።

«ጎበዝ ነሽ! ይቺንም እጠብቅላችኋለሁ» አላት በደግነት።

ከርከሮ ልጆቿን ከኋላዋ አደረገችና፣ «ከማን ነው የሚጠብቁልን፣ ጌታዬ?» ስትል ጠየቀችው።

ጎሽ መልስ ፍለጋ ዙሪያውን ተመለከተ። ዝሆን ከሞተ ቆይቷል። በዚያ ሰፊ አሸዋ ላይ ከእነሱ በቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያም ውሃ ጠማውና ጎንበስ ብሎ ጠጣ።