የሸኽ ሙዘይን በቆሎ

ከሐይቅ ዳር በተቆረቆረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸኽ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ልጆችን ቁርኣን ሲያስቀሩ ኖረው ያረጁ ሰው ናቸው። ሀብት የላቸውም። ባለቤታቸው ዘምዘም ከታመሙ ወራት አልፈዋል፤ ከዓሣ መረቅ በቀር ሆዳቸው ምንም አይቀበልም። ስለዚህ ሸኹ በየቀኑ መንጠቆ ይዘው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

ዝናብ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከብቱ አልቋል፣ ጎተራው ተራቁቷል። ሰዉ ፊቱን ወደ ሐይቁ ቢያዞርም፣ ውስጡ ያለው ካርፕ የሚባለው ትልቅ ዓሣ በቀላሉ የሚያዝ አልሆነም። ትል ሲሰኩ ጥቃቅኑ ዓሣ ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ ሊጥ ሲሰኩ ውሃው ያሟሟዋል። በየቀኑ አንድ ዓሣ ይዘው የሚመለሱት ሸኽ ሙዘይን ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤታቸው ጀውሃር መጣ። ይህ ሰው በጥጋቡ ዘመን አጥራቸውን ገፍቶ፣ ሽማግሌ ፊት በሐሰት የማለባቸው ነው። አሁን አንገቱን ደፍቷል።

«ሸኽዬ፣ ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው። ስለ አላህ ብለው፣ መንጠቆው ላይ የሚሰኩትን ነገር ይንገሩኝ» አላቸው።

ሸኹ ወደ ዘምዘም መደብ አዩ። የሚሰኩት ሻግቶ ለምግብ የማይሆን በቆሎ ነው። በቆሎው እስኪኮመጥጥ ሁለት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይቀቀላል፤ ግን መሐሉ ጥሬ እንዳለ መውጣት አለበት። ከበሰለ ከመንጠቆው ይወልቃል። ይህቺን አንዲት ነገር ቢዘሏት ማንም አያውቅባቸውም። ውሸት እንኳ አትመስልም፤ ጀውሃር ባዶ እጁን ሲመለስ ዕድሉን ይረግማል እንጂ እሳቸውን አይጠረጥርም።

አልዘለሏትም። ከዚያም አልፈው፣ ዓሣው ቦታውን እንዲለምድ ሦስት ቀን ያለ መንጠቆ በቆሎ መበተን እንዳለበት፣ በአራተኛው መንጠቆው እንደሚወርድ አስረዱት።

«ሌላ ሰው ቢጠይቀኝስ?» አለ ጀውሃር።

«የራበው ከሆነ አትደብቀው።»

በወሩ ዳርቻው በሰው ተሞላ። የጀውሃር ልጆች ዳኑ፤ ብዙ ቤትም ተረፈ። ከዚያ ዓሣው እየሳሳ ሄደ፤ የቀረውም በቆሎ ሲያይ የሚሸሽ ሆነ። ሸኹ ከጎልማሶች ጋር ተጋፍተው ቦታ መያዝ አቃታቸው።

«ዛሬም የለም?» ይላሉ ዘምዘም።

«የለም።»

ዓሣ የያዘ ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ለዘምዘም አንድ ያሰበ አልነበረም፤ ጀውሃርም አላሰበም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያናድደኛል። ሸኹ ደግሞ መለመን አያውቁም።

ዘምዘም በሻዕባን ወር ሞቱ። ከቀብር መልስ ጀውሃር ሰው ፊት እያለቀሰ፣ «ሸኽዬ፣ ያኔ ሐቁን ስለነገሩኝ ልጆቼ በሕይወት አሉ። ይህን አስበው ደስ ይበልዎ» አላቸው።

ሸኹ ቀና ብለው አዩት። «ዛሬም ብትመጣ እነግርሃለሁ። ደስ ብሎኛል ካልኩህ ግን ያን ቀን ያልዋሸሁትን አሁን ዋሸሁህ ማለት ነው» አሉት።

ይህን ታሪክ በመስጊድ ባወራሁ ቁጥር «ከዚያስ ሸኹ ምን አገኙ?» የሚለኝ አይጠፋም። በዱንያ ምንም አላገኙም። ምንዳቸው አላህ ዘንድ ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም። እኛ ሰባኪዎች ግን ሶብር ወይም ትዕግሥት ማለት አለማዘን ይመስል፣ ልቡ የተሰበረውን ሰው በሐዘኑ እናሳፍረዋለን። ሸኽ ሙዘይን ሐቅን መርጠው ተጎዱ፤ መጎዳታቸውንም አልደበቁም። ከሐይቁ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው በሩን የገፉባቸውን ቀናት አስባለሁ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን ለጀውሃር እውነቱን የምነግረው አይመስለኝም። አላህ ይቅር ይበለኝ።