በእጅ የቀረው አንበሳ

ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛበት አንድ የሐይቅ ዳር አገር ነበር። በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሥዕል ካርታ ይሰበስባል፤ ያለውን ሰጥቶ የወደደውን ይለውጣል። ካርታው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲጣል ሥዕሉ እንደ እንፋሎት ተነሥቶ ይቆማል፤ ድኩላው ይዘላል፣ ንቡ ይበራል። ሲሸነፍ ደግሞ ቀስ ብሎ ይበተናል።

ላይኛውና ታችኛው መንደር የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከየመንደሩ አንድ ሰው ሰባት ካርታ ይዞ ይቀርባል። በመጨረሻ ብዙ ካርታ የቆመለት ያሸንፋል፤ መንደሩም በጋውን ሙሉ ጠዋት ይቀዳል። የተሸነፈው ከሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፍርስ ይጨልፋል። እኩል ከወጡ ውኃው አምና ባሸነፈው እጅ ይቆያል። ታችኛው መንደር ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸንፎ ጓሮው ሁሉ ደርቋል። ዘንድሮ የመጫወቱ ተራ የሸክላ ሠሪዋ የብርቄ ነበር።

ብርቄ ገበያ ወጥታ አምስት ካርታ ሰጠችና አንድ ለውጣ መጣች። ባለ ወርቅ ጋማ አንበሳ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ጋማው ይወዛወዛል። አቤት ሲያምር! እኔም ባየው ልቤ ይሸፍት ነበር፣ አልዋሽም። የካርታ ነገር ጠንቅቀው ወደሚያውቁት ወደ አባባ ዘውገ ይዛው ሄደች።

«አባባ፣ ከሰባቱ ይግባ አይግባ?»

ሽማግሌው ሥዕሉን እንኳ አላዩትም። «መቼ ነው የሚወጣው?» አሉ።

«ድንጋዩ ላይ ሦስት ካርታ ሲቆምልኝ። ያን ጊዜ የባላጋራዬን ሁሉ ጠራርጎ ይበላል!»

«ሦስት ቆሞልሽ ተሸንፈሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ ሦስት ቆሞለት ማን ይሸነፋል? ሕፃን ልጅም ያሸንፋል!»

«ታዲያ አንበሳው ምን ሊሠራ ይመጣል? ለመሆኑ በእሱ ቦታ ማንን ልታስቀሪ ነው?»

ጫፉ የተበላ ካርታ አሳየቻቸው። ታንኳ ቀዛፊ ነው፤ ሥዕሉ ደብዝዟል። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ የወደቀ ካርታ አንሥቶ ድንጋዩ ላይ መልሶ ያቆማል።

«እሱን ያዢ፣ ልጄ። ካርታ የሚመዘነው በጨነቀሽ ሰዓት ነው» አሉ አባባ ዘውገ።

«አይ፣ አርጅተዋል» አለች ብርቄ በሆዷ። እሳቸውም ፊቷን አይተው፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

የጨዋታው ቀን ጉሙ እስከ ጉልበት ደረሰ። ብርቄ ስድስት ካርታ ጣለች። ድኩላው ወደቀ፣ ንቡ ወደቀ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይበተናል። በመጨረሻ ባላጋራዋ ካርታውን ሁሉ ጨርሶ ሁለት ቆመውለታል፤ ለእሷም ሁለት ቆመዋል። በእጇ አንድ ካርታ ቀርቷል።

«ጣይው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ መንደሩ ከኋላዋ ጮኸ።

«አይወጣም» አለች። «ሦስተኛ ይፈልጋል።»

አንበሳው በመዳፏ ውስጥ ሞቆት ያንኮራፋ ነበር። ያ ባለ ደብዛዛ ሥዕሉ ቀዛፊ ቢኖር ድኩላውን አንሥቶ ሦስተኛ ባደረገላት! እሱ ግን ቤቷ ሣጥን ውስጥ ነበር። እኩል ወጡ፣ ውኃውም ለላይኛው መንደር ሆነ።

በጋ ላይ ብርቄና ጎረቤቷ ደብሪቱ ከሰዓት በኋላ እንስራቸውን ይዘው ምንጩ ዳር ተገናኙ። ደብሪቱ ሽንኩርቷ በሙሉ ደርቆባታል።

«እስቲ ያን አንበሳሽን አሳዪኝ» አለቻት።

ተቀብላ ወደ ፀሐይ አዘነበለችው። «ውይ ሲያምር!» አለች፤ ከልቧ ነው እንጂ ለሽሙጥ አልነበረም። «ምን ያደርጋል፣ መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብላ መለሰችላትና ድፍርሱን ለመጨለፍ አጎነበሰች። ብርቄ ያን ቀን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ወዳጆቼ፣ ይህ ነገር የካርታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲሞላልን የሚያጅበንን እየሰበሰብን፣ ስንወድቅ የሚያነሣንን ከእጃችን እናስወጣለን። ሲሞላማ ሁሉም ይጠቅማል! የአንድን ነገር ዋጋ ማወቅ የፈለገ በጎደለበት ቀን ምን እንደሚያደርግለት ይጠይቅ። እስቲ በእጃችሁ ያለውን ቁጠሩት፤ አንድ ሲጎድላችሁ የሚወጣላችሁ የትኛው ነው?