የኖራው ኮረብታ ውል

አንድ ሰው ነበረ፤ ስሙ ቢተው ይባላል። «እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ። ወደ አንቺ ጉዳይ ኋላ እመጣለሁ።

ቢተው ሀብታም አልነበረም፤ ድሃም አይባልም። ሁለት በሬ፣ ሁለት በቅሎ፣ ከወንዙ ዳር ለዓመት ቀለብ የሚበቃ እርሻ ነበረው። ከእርሻው በላይ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ኮረብታ አለ። ኮረብታው ራቁቱን የቀረ፣ አፈሩ ታጥቦ ያለቀ ነበር። ሆዱ ግን ነጭ ድንጋይ ነው። ያ ድንጋይ በእቶን ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። በዚያ ዘመን ደግሞ ከተማው ሁሉ ኖራ ፈላጊ ነበር፤ ቤት የሚሠራ ሁሉ በኖራ ይገነባል፣ በኖራ ይለስናል።

አንድ ቀን አንድ የኖራ ነጋዴ ከከተማ መጣ። ጎን ለጎን ያሉትን ሦስት ኮረብታዎች ዞሮ አየና የሦስቱንም ባለቤቶች ሰብስቦ ውል አቀረበላቸው። ለአሥር ዓመት ድንጋዩን የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ከአምስት ጭነት የአንዱ ዋጋ ለባለመሬቱ ይሆናል። እስከዚያው ማንም ኮረብታው ላይ እንዳያርስ፣ ከብት እንዳያሰማራ፣ ሳር እንዳያጭድ፣ እንጨት እንዳይቆርጥ፤ ለዚህም ነጋዴው በየዓመቱ ጥቂት የመቆያ ብር ይከፍላል። አሥሩ ዓመት ሲሞላ ድንጋይ ሳይቋረጥ እየወጣ ከሆነ ውሉ ይቀጥላል፤ ካልሆነ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ሦስቱም በደስታ ፈረሙ። ቢተውማ በዚያው ሳምንት በግቢው ውስጥ ለቆርቆሮ ቤት መሠረት ለክቶ ችካል ተከለ። ሚስቱ አንጓች ችካሉን እየተሻገረች ውሃ ስትቀዳ «ሳሎኑ የቱ ጋ ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ነጋዴው በመጀመሪያው ዓመት በቢተው ኮረብታ ላይ አንድ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሠላሳ ጭነት ያህል ወጣ፤ የተፈለጠ ድንጋይም በጉድጓዱ አፍ ተቆልሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። በየዓመቱ ኅዳር ሲደርስ ግን የነጋዴው ሰው ብቅ ይላል፤ ትንሿን የመቆያ ብር ይሰጥና «ዘንድሮ አልተመቸንም፤ ለከርሞ እንቆፍራለን» ብሎ ይሄዳል። ቢተውም በዚያች ብር ግብሩን ይከፍላል፣ ለልጁ ደብተር ይገዛል፤ የቀረውን በተስፋ ይሞላዋል። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ሄደ።

በዘጠነኛው ዓመት ሲሚንቶ በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማው መግባት ጀመረ። ግንበኛው ሁሉ ወደ ሲሚንቶ ዞረ። የኖራ ዋጋ ወረደ፣ ወረደና ከቀድሞው ሲሶው ብቻ ቀረ። እቶኖቹ ቀዘቀዙ፤ ጭነት አመላላሾቹም በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ወደ ጨው ንግድ ሄዱ። በመንደሩ ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ ውሉ ሊያልቅ ነው፣ ነጋዴው ጥሎን ሊሄድ ነው፣ ከእንግዲህ ይህን ድንጋይ ማን ያየዋል?

በአሥረኛው ዓመት በጥቅምት ወር ነጋዴው ራሱ መጣ። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ሦስቱን ሰዎች ሰብስቦ «ዘመኑን ታዩታላችሁ» አላቸው። «በድሮው ውል መቀጠል አልችልም። ከአምስት ጭነት የአንዱ የነበረው ከአሥር የአንዱ ይሁን። የመቆያው ብርም በግማሽ ይቀነስ። በዚህ ከተስማማችሁ ለሌላ አሥር ዓመት እፈርማለሁ፤ ለአሁኑም እጅ የምታሟሹበት ትንሽ ነገር ይዤአለሁ። ካልተስማማችሁ ኅዳር ሠላሳ ውላችን ያበቃል።»

ከሦስቱ አንደኛው ጎረቤት ወዲያው ፈረመ። እንዲያውም ነጋዴው ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቶ «ሃያ ዓመት ይሁን» አለ። አልፈርድበትም፤ በሬው ሞቶበት ነበር። ሁለተኛው ጎረቤት ደግሞ ኩሩ ነው። «የአባቴን ድንጋይ ከድሮው ዋጋ በአንድ ሳንቲም አላሳንስም!» ብሎ ጋቢውን እያጣፋ ተነሥቶ ወጣ።

ቢተው ግን «አስብበታለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሦስት ቀን እህል አልጥም አለው። ቢፈርም ሌላ አሥር ዓመት መጠበቅ ነው። ባይፈርም ያቺ የለመዳት ብር ትቀራለች፤ ልጁ ደግሞ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። በአራተኛው ቀን አንጓች «እዚህ ተቀምጠህ ከምትብሰለሰል ለምን ወጥተህ አታየውም?» አለችው።

«ምኑን?»

«ኮረብታውን ነዋ። የራስህን መሬት እኮ ከረገጥከው ስንት ዓመትህ?»

እውነቷን ነበር። ቢተው ውሉን አክባሪ ሰው ስለሆነ ከብቱም እግሩም እዚያ ደርሶ አያውቅም፤ ነጩን ጉድጓድ ከበሩ ቆሞ ያያል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ያን ቀን ጠዋት ዱላውን ይዞ ወጣ።

ገና ከግርጌው ሳይርቅ ሳሩ እስከ ወገቡ ደረሰ። ድሮ ድንጋይ ብቻ በነበረበት ተረተር ላይ ወይራው፣ ክትክታው፣ አጋሙ አድጎ ቁመቱን አልፎታል። ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ንቦች ይመላለሳሉ። ከጉድጓዱ በስተጀርባ፣ አባቱ «ልጅ ሳለሁ እዚህ ጋ ምንጭ ነበር» እያለ ያሳየው በነበረው ሸለቆ፣ አፈሩ ረጥቧል፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ቢጭረው ቀዝቃዛ ውሃ አቀረረ። አሥር ዓመት ሳይታረስ፣ ሳይጋጥ፣ ሳይቆረጥ የቆየው መሬት፣ ሁሉም ሆዱ ውስጥ ስላለው ድንጋይ ሲያወራ፣ እሱ ጀርባውን ሲያለብስ ከርሟል። ቢተው እዚያው ተቀመጠ። እስከ ቀትር ድረስ አልተነሣም። ሲወርድ ፊቱ ተፈትቶ ነበር።

ውሉ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ነጋዴው የመጨረሻ መልስ ሊሰማ ተመልሶ መጣና በመጀመሪያው ጎረቤት ቤት አረፈ። ቢተው ሁለቱንም በቅሎዎቹን በኮርቻና በመጫኛ አሰናድቶ፣ ባዶ ጆንያ ደራርቦባቸው፣ እየጎተተ ሄዶ ከበሩ ቆመ። ነጋዴው ወጥቶ «ወዴት ልትጭን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ለእርስዎ ነው ጌታዬ» አለ ቢተው። «ያሉኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። ከአሥር ጭነት የአንዱ ይሁን፤ እስማማለሁ። የመቆያውንም ብር ይተዉት፤ አልፈልግም። በቅሎዎቼም እስከ ፋሲካ ያለ ኪራይ ይጫኑልዎ፤ ነጂው እኔው ነኝ። ከጉድጓዱ አፍ የተፈለጠ ድንጋይ ተቆልሎ አለ። ከዛሬ ጀምረን እናውጣ። ድንጋዩ እየወጣ ከሆነ እንኳን አሥር ዓመት፣ እድሜ ልኬንም ውሉ ይቁም።»

ነጋዴው በቅሎዎቹን አየ፤ ጆንያዎቹን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ።

«ማገዶው አለ፣ ሠራተኛው አለ» አለ በመጨረሻ። «በነጻ ብትጭንልኝም ያከስረኛል።»

«እንግዲያው ከከርሞ ኅዳር በፊት ይጀምሩ። ይህንንም በውሉ ላይ ያስገቡልኝ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። ደግነቱ ሐሰተኛ ሰው አልነበረም። «ስማኝ ወንድሜ፣ ልዋሽህ አልፈልግም» አለው። «ድንጋዩን ለማውጣት የቆረጥኩት ቀን የለም። የኖራ ዋጋ ምናልባት አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል። የምፈልገው እስከዚያ ድረስ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ ነው።»

«ታዲያ የሚገዙኝ ድንጋዬን አይደለማ» አለ ቢተው። «መጠበቄን ነው። ድንጋዬን በረከሰ ዋጋ እሰጥዎታለሁ። መጠበቄን ግን ከእንግዲህ አልሸጠውም፤ ሌላ የለኝም።»

ነጋዴው አልተቆጣም። እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ በሰላም ተለያዩ።

ቢተው በቅሎዎቹን ባዶ እየነዳ ተመለሰ። የለመዱትን ነገር፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በገዛ እጅ መተው ቀላል አይደለም። አንጓች ከበር ላይ ተቀበለችው።

«ምን አለህ?»

«እምቢ አለ።»

«እና አሁን ምን ይሁን?»

«ማጭዱን የት አደረግሽው?»

አንጓች ከት ብላ ሳቀች። «ቆይ እንጂ፣ ስድስት ቀን ይቀረዋል!»

ስድስቱንም ቀን ጠበቀ። ታኅሣሥ አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ባልና ሚስት ማጭድ ይዘው ወደ ኮረብታቸው ወጡ። በዚያ ወር ያጨዱትን ሳር የከተማ ባለጋሪዎች ለፈረሶቻቸው እየተሻሙ ገዟቸው። በሚያዝያ ቢተው በወይራዎቹ ላይ አሥራ ሁለት ቀፎ ሰቀለ። ምንጩን ጠርጎ በድንጋይ ከበበው፤ ከግርጌው ጎመንና ሽንኩርት ተተከለበት። ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተሳካም። ከቀፎዎቹ አራቱ ባዶ ቀሩ፤ የመጀመሪያውን ሽንኩርት ጃርት በላው። ሆኖም ግብሩ ተከፈለ፣ የልጅቱም ደብተር አልተቋረጠም። የቆርቆሮው ቤት አልተሠራም፤ ሁለቱም ግን ስለ እሱ ማውራት ተዉ። ስላላዘኑበት ነው የተዉት።

የፈራው ጎረቤት በተቀበላት ብር በሬ ገዛ፤ ኮረብታውን ግን እስከ ዛሬ ከሩቅ ነው የሚያየው። ኩሩውም ከነጋዴ ነጋዴ እየዞረ የድሮውን ዋጋ ሲጠይቅ ጫማው አለቀ። በመሬቱ ላይ ሳሩ በቁሙ ይደርቃል፤ «ዋጋው ሲመለስ እኔ የሳር ነጋዴ ሆኜ ልገኝ ነው?» ብሎ ማጭድ አያነሣበትም።

ውሉ ካበቃ በስድስተኛው ዓመት ቆዳ አልፊዎች ኖራ ፈለጉና ዋጋው ትንሽ አንሠራራ። የድሮው ነጋዴ ተመልሶ መጣ። ቢተው በምንጩ ዳር ማር በዳቦ አቀረበለትና ምንም ያልበቀለበትን የምሥራቁን ጎን ለሁለት ዓመት ብቻ ፈረመለት፤ ሥራው በወር ውስጥ ካልተጀመረ ውሉ ፈራሽ ነው። ነጋዴው በአሥራ አምስተኛው ቀን ሠራተኛ ይዞ መጣ። ብዙ ገንዘብ አልተገኘበትም። ቢገኝም ባይገኝም ግን ቢተው እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። ያ ልጅ ቀለበት ካጠለቀልሽ ሰባት ዓመት ሆነው። በየዓመቱ ይመጣል፣ ሽቶና ነጠላ ይሰጥሻል፣ «ለከርሞ እንጋባለን» ይልና ይሄዳል። አሁን ደግሞ ሥራ ቀዝቅዟል፣ ኑሮ ተወዷል፣ ሦስት ዓመት ጨምሪልኝ ብሎ ጽፎልሻል። ክፉ ነው አልልሽም፤ ነጋዴውም ክፉ አልነበረም። ኑሮ መወደዱም እውነት ነው። አንቺም እንደ ኩሩው ጎረቤት «እንዲህ ያለ ድግስ፣ እንዲህ ያለ ጥሎሽ ካልሆነ» አትበዪው። ድግሱን አስቀሪለት። ጥሎሹን ተዪለት። «በአንድ ክፍል ቤት ጎጆ እንወጣለን፤ እኔም እሠራለሁ» በይው። በቅሎሽን ጭነሽ በሩ ላይ ቁሚለት ማለቴ ነው። ብቻ ቀን ይቁረጥ።

ከቆረጠ እሰየው፤ መርቄ የምድራችሁ እኔ ነኝ። ካልቆረጠ ደግሞ የፈለገው አንቺን ሳይሆን መጠበቅሽን ነውና፣ ቀለበቱን በክብር መልሺለት። ባዶዬን ቀረሁ ብለሽ ግን አታልቅሺ። እሱን ስትጠብቂ የእናትሽን ሱቅ ያቆምሽው አንቺ ነሽ፤ ወንድሞችሽን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ፤ በዚህ መንደር ምጥ የያዛት ሴት በመጀመሪያ የምታስጠራው አንቺን ነው። የአዋላጅነቱን ትምህርት እንኳን «እሱ ሲመጣ እንመካከርበታለን» ብለሽ ነው ያቆየሽው። ሰባት ዓመት ሁላችንም ስለ ሠርግሽ ስናወራ፣ አንቺ ላይ ብዙ ነገር በቅሏል። ወጥተሽ እዪው።