የሰንበሌጥማ ቀስተኞች የቆሙባቸው ድንጋዮች

ከሰንበሌጥማ መንደር ግርጌ፣ ቆላው ወደ ወንዙ ማዘንበል ሲጀምር፣ አንድ ገላጣ ሜዳ አለ። በሜዳው ዳር ያረጀ የሾላ ዛፍ ቆሟል፤ ከዛፉ ፊት ለፊት ደግሞ አንዱ ቀረብ፣ አንዱ ራቅ ብለው ያለ ረድፍ የተተከሉ ድንጋዮች ይታያሉ። እንግዳ ሰው መቃብር መስሎት ባርኔጣውን ያወልቃል፤ የአገሬው ሰው ይስቅበታል እንጂ ቶሎ አይነግረውም። ድንጋዮቹ መቆሚያ ይባላሉ። በጭድ የተጠቀጠቀ ቆዳ ከሾላው ላይ ይሰቀልና ቀስት የሚማር ሁሉ ወደ ኋላ እየራቀ ይለማመዳል፤ ደጋግሞ ሳይስት በመታበት የመጨረሻ ቦታ ላይም የራሱን ድንጋይ ይተክላል። ከዚያ ርቀት አልፎ አጋዘን ላይ ፍላጻ መልቀቅ በሰንበሌጥማ ነውር ነበር። ዛሬ አደኑ ቀርቷል፤ ልምምዱ ግን ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርቅ አሁንም ይደረጋል።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ዱሮ የመንደሩ ሕግ «የመጀመሪያ ደም» የሚባለው ነበር። አጋዘኑን ማንም ይጣለው ማን፣ ቀንዱም ቆዳውም ፉከራውም ቀድሞ ላደማው ሰው ነው። ስለዚህ መንጋ በታየ ቁጥር ሁሉም ለማድማት ይሽቀዳደምና ከቆመበት ሆኖ ፍላጻውን ይለቃል፤ እንስሳውም ደሙን እያንጠባጠበ ገደል ለገደል ይሄድና በክት ሆኖ ይቀራል። በሕይወት ሳለ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበላምና ከጅብ በቀር የሚጠቀም አልነበረም። ሞኝነት ይመስላል፤ ነውም። ግን ሥጋው ባይመጣም ደሙ መታየቱ ይበቃ ስለነበር ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ ይፎክራል፣ ጎረቤቱም ባዶ ሆዱን ያጨበጭብለታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጨበጨብለት ጫንያለው የሚባል ጎልማሳ ነበር። ክንዱ ብርቱ ስለነበር ሌላው ገና ደጋኑን ሳያነሳ እሱ አድምቶ ይጨርስ ነበር ይባላል። እናት አባቱን በልጅነቱ በማጣቱ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አንጓች ናት፤ እሷም በኋላ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ እሱ ቤት ገባች። እህቱን እንደ እናት ያያታል፤ ለልጆቿም ከእሱ ሌላ የሚያበላቸው እንደሌለ ያውቃል።

ታዲያ አንበጣ ማሽላውን ሙልጭ አድርጎ የበላበት ዓመት መጣ። ጎተራው ባዶ ሲሆን መንደሩ ዓይኑን ወደ ጫካው ጣለ። አንድ ቀን አዳኞቹ ከወንዙ ማዶ የአጋዘን መንጋ አገኙ። ሌሎቹ ትንሽ እንኳ ለመጠጋት ሲያስቡ ጫንያለው መቀደም አልፈለገምና ከቆመበት ደጋኑን ለጥጦ ለቀቀ። ፍላጻው አንዱን አውራ አጋዘን ሆዱ ላይ አገኘው። መንጋው ብትንትኑ ወጣ፤ የቆሰለውም ቋጥኙን ዞሮ ጠፋ። ሰዎቹ ቅጠል ላይ ደሙን አይተው መሰከሩለት፤ እሱም እየፎከረ ወደ መንደር ተመለሰ። አንጓች ለልጆቹ ብላ በቅል የደበቀቻትን የመጨረሻ ቅቤ አውጥታ፣ ወግ ነውና፣ ራሱን ቀባችው። ልጆቹ ያን ቀን የበሉት የተቀቀለ ቅጠል ነበር፤ ጫንያለው ይህን አይቷል፣ ግን አላሰበበትም።

በማግስቱ አንጓች ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ያንኑ አጋዘን አገኘችው። ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሟል፤ አንገቱን ወደ ውሃው ዝቅ ያደርግና ሳይጠጣ ቀና ይላል። እንስራዋን ጥላ ሮጣ ወንድሟን ጠራችው። ሳይሞት ከታረደ ልጆቹ ይበላሉ፣ ጎረቤቱም ይቀምሳል። ጫንያለው ወርዶ ሕፃን እንኳ በጠጠር በማይስተው ርቀት ቆመ። ለጠጠ፣ ለቀቀ፣ ሳተ። ፍላጻው ከጀርባው በላይ አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ። አጋዘኑም ደንግጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ተስፈነጠረና ወንዙ ፏፏቴ ሆኖ ከሚወርድበት ጠርዝ ወደቀ። ጫንያለው ቢላዋውን ይዞ ገደሉን ዞሮ እስኪደርስ ድረስ አጋዘኑ ሞቶ ነበር።

አንጓች ተከትላው ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ከዚህ እንዴት ሳትኩት?» አላት።

«መቼ መትተህ ታውቃለህ?» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንተ የምታየው አጋዘኑን በሙሉ ነው። ከአጋዘኑ አንዲቷን ቦታ ለይተህ አይተህ አታውቅም።»

ጫንያለው አለቀሰ። ከረሃቡ ይልቅ ያቺ ቅቤ አንገበገበችው ይባላል።

ከዚያ በኋላ አሮጌ የበሬ ቆዳ በጭድ ጠቅጥቆ ከሾላው ላይ ሰቀለ፤ አንጓችም ከፊት እግሩ ኋላ፣ ልብ በሚገኝበት በኩል፣ መዳፍ የምታህል ቦታ በአመድ ምልክት አደረገችበት። እሱም ከዛፉ ሥር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ክንዱ ብርቱ እንጂ የተማረ አለመሆኑን ያወቀው። ጅማቱን የሚስበው እጁ አንድ ቀን ደረቱ ላይ፣ ሌላ ቀን ጆሮው ላይ ያርፍ ነበር፤ ሁልጊዜ ከመንጋጋው አጥንት ሥር እንዲያርፍ አስለመደው። ፍላጻው ገና ሳይሄድ የት እንደደረሰ ለማየት ደጋኑን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ይህንንም ተወ። ትንፋሹን አውጥቶ ጸጥ ማለትን፣ ጣቱን ሳይመነጭቅ መልቀቅን ተማረ። አመዷን ደጋግሞ ሲመታ ብቻ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ሲስት ወደ ፊት ይመለሳል፤ ሳይስት መምታት የቻለበትንም የመጨረሻ ቦታ ድንጋይ ተክሎ አመለከተ። ጓደኞቹ መንገድ ሲያልፉ፣ ሾላዋን ለማግባት ሽማግሌ ልንልክልህ ነው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ግን ርቦት ስለነበር ጉልበቱን ለወሬ ማባከን አልፈለገም።

መንጋው ተመልሶ መታየቱ በተሰማ ጊዜ የአዳኞቹ አለቃ አያ ድንበሩ ሰዎቹን ይዞ ወረደ። ጫንያለው በሣሩ ውስጥ ተስቦ ከሁሉ ቀድሞ ተጠጋ። አንድ ግሩም አውራ አጋዘን ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፤ ነገር ግን ከለመደው ርቀት ያልፍ ነበር።

«ልቀቅ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለው አያ ድንበሩ በሹክሹክታ።

«ከዚህ ልስት እችላለሁ፣ አያ። አልለቅም» አለ።

እጁን በአለቃው ክንድ ላይ ጭኖ ሌሎቹም እንዳይለቁ ለመነ። አጋዘኖቹ ውሃቸውን ጠጥተው፣ እያዘገሙ፣ ወደ መጡበት ተመለሱ። ሰዎቹ በመንገድ ያላሉት ነገር የለም፤ ልቡ ሸፍቷል፣ ወንድነቱ ሞቷል አሉት። ቤት ሲገባ ልጆቹ እጅ እጁን አዩት። አንጓች ምን እንደሆነ ስትጠይቀው እንዳለ ነገራት። እሷም «ደግ አደረግህ» አለችው፤ ለልጆቹም ዳግመኛ ቅጠል ልትቀቅል ድስቱን ጣደች። ያን ቀን ጫንያለው ስለ ራሱ የሚያምነው ነገር ሁሉ ጠፍቶት ነበር ይባላል።

መንጋው ግን የሚያስደነግጠው ስላላገኘ በማግስቱ ወደዚያው ውሃ መጣ። ዱሮ ቢሆን ሸለቆውን ለቆ ይሄድ ነበር። ጫንያለው ቀድሞ ወርዶ ከውሃው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ ነበርና አውራው ወደ እሱ መጣ። ቀንዱን አላየም፣ ቁመቱንም አላየም፤ ያቺን የመዳፍ ቦታ ብቻ አይቶ ለቀቀ። አጋዘኑ ከዓይን ሳይርቅ በጉልበቱ ተንበረከከ። ትንፋሹ ሳይወጣ በስመ አብ ብሎ አረደው።

ሥጋው ለመንደሩ ተዳረሰ። ፎክር ቢሉት እንቢ ብሎ ከልጆቹ ጋር ሊበላ ተቀመጠ። አያ ድንበሩም የመጀመሪያ ደም ሕግ ከዛሬ ጀምሮ ቀረ አለ፤ በማግስቱም ደጋኑን ይዞ ሾላው ሥር ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉትና እንደ ጫንያለው ድንጋይ ተከሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ መቆሚያ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሲያይ ስንቱ አፍሮ እንደነበር እስከ ዛሬ እየተሳቀ ይወራል። ከዓመት ዓመት ግን ክንዳቸውም ዓይናቸውም ተማረ፤ ድንጋዮቻቸውንም እየነቀሉ ወደ ኋላ ወሰዱ። ጫንያለው ብቻ፣ ከሁሉም አርቆ የሚመታ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ የእሱን እንዳይነቅሉ አዘዘ።

አሁን ሜዳውን የሚያይ ሰው ለሾላው እጅግ የቀረበችውን ድንጋይ የሕፃን ልጅ ናት ብሎ ያልፋታል። የጫንያለው ናት። የሌሎቹ ድንጋዮች ግርጌ በሣር ተውጧል፤ ከእሷ ኋላ ያለው መሬት ግን ሣር አያበቅልም፣ ቀስት የሚማረው ሁሉ መጀመሪያ የሚቆመው እዚያ ነውና።