የማን እጅ ሰፋው?

ታላላቆቻችን ሲያወጉት ሰምቼ ያቆየሁት ነው። የከተማዋን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዙሪያዋ በድንጋይ የታጠረ የድሮ ከተማ ነበረች አሉ። እዚያ ሸህ ሙህዲን የሚባሉ የሙስሐፍ፣ ማለትም የቁርኣን መጽሐፍ፣ ጠራዥ ይኖሩ ነበር። ጸሐፊዎች ጽፈው የጨረሱትን ቅጠል ይቀበላሉ፤ በክር ይሰፋሉ፣ ጣውላ ያበጁለታል፣ ቆዳ ያለብሳሉ።

ከተማዋ አንድ ልማድ ነበራት። ለመስጊድ ወቅፍ ሆኖ ለዘለቄታ የሚሰጥ አዲስ ሙስሐፍ የጠረዘ ሰው ከጁምዓ ሰላት በኋላ በሰጋጁ ጀማዓ ፊት ይቆማል። ኢማሙ «የማን እጅ ሰፋው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጠራዡም «በዉዱእ ሆኜ የኔ እጅ ሰፋው» ብሎ፣ ለሰላት እንደሚታጠቡት ታጥቦ መስፋቱን ይመሰክራል። ያለዚህ ቃል ሙስሐፉ መስጊድ አይገባም።

ሸሁ ይህን ቃል በዕድሜያቸው ሰባት ጊዜ ብለውታል፤ ሰባቱንም ጊዜ እውነት ነበር። ስምንተኛው ግን እንቅልፍ ነሳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጣታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና መርፌ አልይዝ አላቸው። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሰዕድያ ምንም ሳትናገር ወስፌዋን ይዛ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። በዚያ ከተማ ሴት ሰፌድና ሙዳይ ትሰፋለች፤ ሙስሐፍ መጠረዝ ግን የወንድ ሥራ ነው። ሸሁም ተቆጡ። ክሩን ሙዳይ እንደሚቋጠረው ስትቋጥረው አይተው ፈቱባት። ደግማ ቋጠረች፤ ደግመው ፈቱ። በሦስተኛው ሊፈቱት ቢስቡት አልፈታ አላቸው። ከራሳቸው ቋጠሮ የጠነከረ ነበር። ያኔ ክሩን ለሷ ተዉላት።

ከዚያ ወዲያ ስፌቱ የሰዕድያ ሆነ። ጣውላውን መጥረብና ቆዳውን ወጥሮ መሳብ ጉልበት ይጠይቃልና የሸሁ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ሥራ ቶሎ ሲያልቅ ይወዳሉ፤ እሷ ደግሞ የጀመረችውን ሳትጨርስ ማንም አያስነሳትም። እሷ መርፌ ላይ ስትሆን ወጥ ማማሰሉም የሸሁ ዕጣ ሆነ፤ ስንት ቀን ወጥ እንዳሳረሩ ጎረቤት ያላወቀው፣ ሽታውን ለወሰደላቸው ነፋስ ዕድሜ ይስጠውና ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ገበታ ሲበሉ ያላወሩትን በዚያች የሥራ ጣውላ ዙሪያ አወሩ። የሞተች ልጃቸውን ስም እንኳ ያነሱት ያኔ ነው።

እንግዲህ የትልቁ መስጊድ ሙስሐፍ ረቡዕ ተጠናቀቀ። ሐሙስ ሸሁ መቀመጥ አቃታቸው። ገበያ ወጡና ምን ሊገዙ እንደወጡ ረስተው ተመለሱ። ዉዱእ ሳይፈታባቸው ዳግም ዉዱእ አደረጉ። የዙህር ሰላት ላይ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደሆኑ ጠፋባቸው።

«ምን ሆነዋል ሸሁ? ምጥ እንደያዘው ሰው ይነሳሉ ይቀመጣሉ» አለች ሰዕድያ።

«ነገ ይጠይቁኛል።»

«‹ከቤቴ ተሰፋ› ይበሉ። ይህ ውሸት አይደለም።»

«የኔ እጅ ይመስላቸዋላ።»

«ይምሰላቸው! እውነቱን የነገሯቸው እንደሆነ ሙስሐፉን ይመልሱብናል። ወላሂ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን የሚረግጥ የለም። ምን ልንበላ ነው?»

ሸሁም «አንቺስ? ስምሽ ቢነሳ አትወጅም?» አሏት።

«ኧረ እኔስ ለምጄዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያበሰልኩትን በልተው፣ የፈተልኩትን ለብሰው ሲወጡ፣ ‹የማን እጅ ነው?› ብሎ የጠየቀ አልነበረም።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ሸሁን ያመማቸውም አለመቆጣቷ ነው።

ጁምዓ ደረሰ። ሰላቱ አለቀና ኢማሙ ሙስሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠየቁ። ሸሁ ቆሙ። ‹ከቤቴ› የምትለዋ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች፤ ዋጧት።

«ጣውላውና ቆዳው የኔ እጅ ነው» አሉ። «የሰፋችው ግን ባለቤቴ ሰዕድያ ናት፤ በዉዱእ ሆና።»

መስጊዱ ተንሾካሾከ። የከተማዋ ትልቅ ነጋዴ ሐጂ ሸምሱ ብድግ አሉ።

«የሙዳይ ሰፊ ስፌት መስጊዳችን ሊገባ ነው? ሸሁ፣ ምነው በስተርጅና?»

ሸሁ አንገታቸውን ደፍተው መለሱ። «ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። በብብትዎ የያዙትን ሙስሐፍ ዐምና ለረመዳን ሲያሳድሱት ‹የሸህ ሙህዲን ስፌት እንደ ብረት ነው› ብለው አመስግነውኝ ነበር። የሷ እጅ ነው። ምስጋናውን ዝም ብዬ ወሰድኩ። በዚህ ሁለት ዓመት ያመሰገናችሁኝ ሁሉ አውፍ በሉኝ፤ ሐቋን በልቻለሁ።»

ሐጂ ሸምሱ ከብብታቸው ሙስሐፋቸውን አወጡ። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ሙስሐፉን ስመው ተቀመጡ። ኢማሙም ወደ ሴቶቹ መጋረጃ ዞረው፣ ልማዱ እንደሚያዘው፣ «የማን እጅ ሰፋው?» ብለው ዳግም ጠየቁ። ከመጋረጃው ኋላ የሰዕድያ ቀጭን ድምፅ «በዉዱእ ሆኜ... የኔ እጅ» አለች፤ ለቅሶ ቀረሽ ነበረች። ሙስሐፉም በቃሏ መስጊድ ገባ።

ሸሁን ኋላ ሰዎች «እንደዚያ ራስዎን ከማዋረድ ዝም ማለት አይሻልም ነበር?» ቢሏቸው፣ «ቤትን በረካ የሚያሳጣው የሥራ ብዛት አይደለም፤ ያንዱ ድካም በሌላው ስም ሲጠራ ነው» ብለው መለሱ።

ወንድሞቼ፣ አላህ ወንድና ሴትን ለያይቶ ፈጥሯል፤ ይህን የሚክድ የለም። አንዱ ቆዳ ይስባል፣ አንዷ ትቋጥራለች፤ ሁለቱ ባይገናኙ ሙስሐፉ አይጠረዝም። መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ተዘግቧል። ይህን በሚንበር ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ባለፈው እሑድ ግን እንግዶች ቤቴ በልተው ጠግበው «ጀዛከላህ ኸይር፣ እጅ ይባረክ» አሉኝ። እኔም «አሚን» አልኩ። ያበሰለችው ባለቤቴ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም እንደ ሸሁ እነሳለሁ እቀመጣለሁ፤ እስካሁን አውፍ አልጠየቅኳትም።