ቦታ ያጣው ንቅሳት

አንድ ሱሎግ የሚባል ቀዛፊ በድሮ ዘመን ከፊሊፒንስ ደሴቶች በአንዷ ይኖር ነበር። በዚያ አገር ንቅሳት ጌጥ አልነበረም። ወንድ የሚነቀሰው ጀግንነት ሲሠራ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ደረቱን፣ ከጀግኖች ሁሉ የላቀው ደግሞ ፊቱን። የሰውን ታሪክ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቆዳውን ማየት ይበቃል።

የሱሎግ ንቅሳት ከጉልበቱ አላለፈም። አብሮት የሚቀዝፈው የጎረቤቱ የዱማራኦግ ግን ደረቱን ሞልቶ አንገቱ ሥር ደርሷል። በድግስ ላይ የሚዘፈነው ለዱማራኦግ ነው። የሱሎግ ሚስት እንኳ አንድ ቀን ባሏ አጠገብ ቆማ፣ «ለዱማራኦግ ልብስ ምን ያደርግለታል? ንቅሳቱ አልብሶታል» አለች። ሱሎግ ከአንገት በላይ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልጥም አለው። በመጨረሻ ማንም ወደማያውቀው ደሴት ተሻግሮ ለአንድ ሽማግሌ ነቃሽ ያልሠራውን ጀብዱ ሁሉ ደረደረላቸው። ሽማግሌው አምነው ደረቱን፣ ክንዱንና ጀርባውን ነቀሱት።

«ፊቴንም» አለ ሱሎግ።

«ልጄ፣ ይሄ ታጥቦ አይለቅም።»

«ማን ይልቀቅ አለዎት? ባዶ ቦታ እንዳያስቀሩ ብቻ።»

ወደ መንደሩ ሲመለስ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን ማን ያስተባብለው? ዱማራኦግ በጀልባው ግንባር ላይ የሚቆምበትን ቦታ ለቀቀለት። «እንግዲህ ያንተ ነው፣ ወንድሜ» አለው። በልማዳቸው ከሁሉ በላይ የተነቀሰው ከፊት ይቆማል፤ በውጊያም እሱ ወደ ጠላት ጀልባ ሳይዘል ማንም አይዘልም።

ሱሎግ ስለዚህኛው ብዙ አላሰበም ነበር።

አንድ ቀን የባሕር ወንበዴዎች ከዳርቻው ልጆች ጠልፈው ሸሹ። ከተጠለፉት አንዷ የሱሎግ ልጅ ነበረች። የመንደሩ ጀልባ አሳድዶ ደረሰባቸው። ቀዛፊዎቹ ሁሉ ሱሎግን አዩ። ሱሎግ የወንበዴዎቹን ጦር አየ፤ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አለ።

«አባዬ!» አለች ልጁ ከማዶ።

«ዝለል እንጂ! ንቅሳትህ እስኪደርቅ ነው የምትጠብቀው?» ብሎ ጮኸ አንዱ ቀዛፊ።

«ዱማራኦግ፣ አንተ ዝለል!»

«አንተ ቆመህ? እንዴት አድርጌ አዋርድሃለሁ?»

የወንበዴዎቹ ጀልባ መራቅ ጀመረ። ሱሎግ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ውሸት ነው! ሁሉም ውሸት ነው! ቀንቼብህ ነው! ዝለል!»

ዱማራኦግ ዘለለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ልጆቹ ዳኑ።

ሱሎግ የመንደሩ አለቃ ፊት ሲቀርብ የጠበቀው መባረርን ነበር። አለቃው ግን፣ «በመዘግየትህ ትወቀሳለህ። ልጆቹ የዳኑት ግን ራስህን በሰው ሁሉ ፊት ስላዋረድህ ነው፤ ይሄ ከመዝለል አያንስም። ለእሱ ትነቀሳለህ» አለው።

የመንደሩ ነቃሽ ተጠራ። ሱሎግን እያገላበጠ እግሩን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን አየ። ከዚያም መርፌውን ወደ ኮሮጆው መለሰ።

«የት ላይ?» አለ።

ቅናት የሌላውን ክብር አይቀንስም፤ የዱማራኦግ ደረት እንደነበረ ነው። ቅናት የሚወስድብን የራሳችን ሥራ ሊጻፍበት የነበረውን ቦታ ነው። እኛስ ዛሬ መርፌው ቢመጣ የምናሳየው ባዶ ቦታ አለን?